ትዳሩን ጥሎ በሄደ የትዳር ጓደኛ ላይ ፍቺ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የትዳር ጓደኛው ጥሎት የሄደ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው አንድ ቀን ነው፤ ሻንጣ የተነሣበትን፣ በር የተዘጋበትን ቀን። የደረሰበት ሐዘን እውነተኛ ስለሆነ ያ ቀን ብቻውን ሁሉን የሚያስረዳለት ይመስለዋል። ዳኛው የሚመረምረው ግን ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ የሆነውን ጭምር ነው፦ የሄደው ወገን ላይመለስ ቆርጦ ነው ወይ? የቀረው ወገን ተስማምቶበት ነበር ወይ? ለመሄድ የሚያበቃ ምክንያት ነበር ወይ? ሕጉ የሚጠይቀው ጊዜስ ሳይቋረጥ ሞልቷል ወይ? በእርግጥ የተበደሉ ሰዎች አቤቱታቸው ውድቅ የሚሆንባቸው ከእነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ ላይ ሳይዘጋጁ በመቅረባቸው ነው።

ማስረዳት የማያስፈልገውን ለማስረዳት መድከም

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጋብቻው የሚዳኝበት ሕግ ለፍቺ ምክንያት ይጠይቅ እንደሆነ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2022 ጀምሮ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ጋብቻው ሊጠገን በማይችል ሁኔታ መፍረሱን ከማስታወቅ በቀር የማንንም ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ከዚያ በፊት ግን ጥሎ መሄድ ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ ነበር። በኢትዮጵያም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን ጥሎ ሁለት ዓመት የት እንዳለ ሳይታወቅ መቅረትን ከከባድ የፍቺ ምክንያቶች ቆጥሮት የነበረ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን አካሄድ ትቶታል። በአንጻሩ በህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግና በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ጥሎ መሄድ ዛሬም ራሱን የቻለ የፍቺ ምክንያት ነው። ምክንያት በማይጠየቅበት ቦታ የበደልን ዝርዝር መደርደር ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ ልጆችም የወላጆቻቸውን ክስ በጽሑፍ ተመዝግቦ እንዲያገኙት ያደርጋል።

መለያየትን ሁሉ ጥሎ መሄድ አድርጎ መቁጠር

በሥራ፣ በውትድርና፣ በሕክምና ወይም በእስር ምክንያት መራቅ ብቻውን ጥሎ መሄድ አይባልም፤ ትዳሩን ለዘለቄታው የመተው ሐሳብ አብሮት ሊኖር ይገባል። ሐሳቡ ከመሄዱ ጋር በአንድ ቀን የግድ አይወለድም። ለሥራ ተሰናብቶ የሄደ ሰው ከዓመት በኋላ እንደማይመለስ ከወሰነ፣ ጊዜው የሚቆጠረው ከውሳኔው እንጂ ከመሰናበቻው ዕለት አይደለም። ብዙ አመልካቾች የመነሻውን ቀን የሚስቱት በዚህ ነው። ደግሞም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ማዕድን፣ አልጋንና የቤት ኑሮን ፈጽሞ የለየ የትዳር ጓደኛ እንደ ሄደ ሊቆጠር የሚችልባቸው የሕግ ሥርዓቶች አሉ፤ የሚተወው ቤቱ ብቻ ሳይሆን የጋራ ሕይወቱ ነውና። እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዳት ግን እጅግ ከባድ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ስምምነትንና በቂ ምክንያትን መዘንጋት

ከስህተቶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ ሰው በንዴት የተናገረው ቃል በገዛ ራሱ ላይ ማስረጃ ሲሆንበት ይታያልና። በጠብ መካከል «ከቤቴ ውጣልኝ፣ ዳግመኛ እንዳላይህ» ብሎ በስልክ መልእክት የጻፈ ሰው በኋላ ጥሎኝ ሄደ ብሎ ሲከስ፣ ተከሳሹ ያንኑ መልእክት አውጥቶ ተባርሬ እንጂ ጥዬ አልሄድኩም ይላል። ተለያይተን እንኑር የሚል ውል የፈረመም እንደዚሁ ነው፤ በስምምነት የተደረገ መለያየት ጥሎ መሄድ አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ለመሄድ በቂ ምክንያት ሰጥቶ ሲያበቃ መክሰስ ነው። በድብደባ፣ በዛቻ ወይም ሊታገሡት በማይቻል ንቀት ምክንያት ነፍሷን ለማዳን የወጣች ሚስት ትዳሯን ጥላ ሄደች አትባልም። በብዙ የሕግ ሥርዓቶች ዘንድ ነገሩ ይገለበጥና ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው በአድራጎቱ ሌላውን ገፍቶ በማስወጣቱ ትዳሩን የተወው እርሱ ነው ይባላል። ስለዚህ በበደል ምክንያት ከቤት የወጣ ሰው እኔ ስለወጣሁ መብቴን አጥቻለሁ ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ የወጣበትን ምክንያት የሚያሳይ የሕክምና ወረቀት፣ የፖሊስ አቤቱታ ወይም ምስክር ይዞ ይቅረብ። ማስረጃው እስኪሟላ ተብሎ ግን አደጋ ባለበት ቤት ውስጥ መቆየት አይገባም። ቁልፍ ቀይሮ የሄደውን መመለሻ ያሳጣ ሰውም ከመክሰሱ በፊት ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

የመመለስን ጥያቄ ሳያስቡ ማባረር

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1956 የወሰነው አንድ ጉዳይ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ባል በሚስቱ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት አላት የሚል ጥርጣሬ አደረበት፤ እርሷም ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ከወራት በኋላ ቤተሰቧ ሊመልሳት ሲሰናዳ ባል እንዳትላክ የሚል ቴሌግራም ላከ። በኋላ ጥላኝ ሄዳለች ብሎ ፍቺ ሲጠይቅ፣ ፍርድ ቤቱ ሚስቲቱ ለመመለስ ፈቃደኛ እንደነበረችና መመለሷን የከለከለው ባል መሆኑን አይቶ ጥሎ መሄዱ አልተረጋገጠም አለ።

በቅን ልቦና የቀረበን የመመለስ ጥያቄ ያለ በቂ ምክንያት መግፋት ጥሎ የመሄዱን ጊዜ ሊያቋርጥ፣ አልፎም ጥፋተኛነቱን ወደ ከልካዩ ሊያዞር ይችላል። ሁሉን ጥያቄ መቀበል ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም። መደባደቡን ያልተወ፣ ወይም ክስ መመሥረቱን ሰምቶ ለታይታ ያህል «ልመለስ» የሚል ሰው ጥያቄው ቅን አይባልም። እምቢ የሚል ሰው ታዲያ ምክንያቱን ለይቶ በጽሑፍ ይመልስ፤ ዝምታም ስድብም ከመዝገቡ ላይ መጥፎ ሆነው ይታያሉ።

ጊዜን በግምት መቁጠር

የሚጠየቀው ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ሁለት ዓመት፣ በቨርጂኒያ አንድ ዓመት ነው። በህንዱ ሕግ ጊዜው ያልተቋረጠና ከአቤቱታው ቀን በፊት ወዲያውኑ ያለው መሆን አለበት። ለእርቅ ተብሎ ለጥቂት ሳምንታት አብሮ መኖርም ቆጠራውን ሊያፈርሰው ይችላል። የቀድሞው የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ረገድ ርኅሩኅ ነበር፤ በድምሩ ከ6 ወር ያልበለጠ አብሮ መኖር ጊዜውን አያቋርጥም፣ ነገር ግን አብረው የኖሩባቸው ቀናት ሕጉ ከሚጠይቀው ሁለት ዓመት ውስጥ አይቆጠሩም ይል ነበር። ሕጉን ሳይጠይቁ ከጊዜው ጥቂት ቀድሞ መክሰስ መዝገብ ያዘጋል።

ማስረጃን እስከ ክሱ ቀን አለመሰብሰብ

ትዳሩ ይመለስ ይሆናል በሚል ተስፋ ሰው መልእክት ያጠፋል፣ ደብዳቤ ያቃጥላል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይደብቃል። ተስፋው አይነቀፍም። ይሁንና የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው። የተላኩና መልስ ያጡ መልእክቶች፣ የተቋረጠ የቤት ወጪ ድጋፍ፣ አዲስ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲሄድ ያየ ወይም «አልመለስም» ሲል የሰማ ምስክር ሳይጠፉ ሊቀመጡ ይገባል። የሌላውን ስልክ ሰብሮ መግባት ግን ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላልና አይሞከር።

አድራሻውን እያወቁ «የት እንዳለ አላውቅም» ማለት

ተከሳሹ መጥሪያ ሊደርሰው ይገባል። ካልተገኘ ፍርድ ቤት በጋዜጣ እንዲጠራ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ የሚፈቀደው ግን ዘመዶቹን፣ የሥራ ቦታውንና የመጨረሻ አድራሻውን በሚገባ ማፈላለግ ከታየ በኋላ ነው። ነገሩን ለማፋጠን ሲል አድራሻውን ደብቆ በጋዜጣ ያስጠራ ሰው በሌለበት የተሰጠው ውሳኔ በኋላ ሊሻርበት፣ በሐሰት ቃለ መሐላም ሊከሰስ ይችላል። ማንን መቼ እንደ ጠየቁ በቀን መዝግቦ መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ፈጽሞ የጠፋና በሕይወት መኖሩ የማይታወቅ ሰው ጉዳይ ደግሞ በብዙ አገር በሌላ ሥርዓት፣ ማለትም በመጥፋት ወይም በሞት ግምት ውሳኔ ይታያል።

ቀለብን ከፍቺው ጋር ማዘግየት

ፍቺው እስኪወሰን ልጆች መብላት አያቆሙም። ጊዜያዊ የቀለብ ትእዛዝ፣ እንዲሁም የጋራ ንብረት እንዳይሸጥ የሚከለክል እግድ በሚፈቀድበት ቦታ ሁሉ ከአቤቱታው ጋር አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

ውሳኔው ሳይጸና ማግባት

ዳኛው ፍቺውን መፍቀዱ ጋብቻው በዚያው ሰዓት ፈረሰ ማለት ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝና ዌልስ ፍቺው ሊፈቀድ እንደሚችል ከሚገልጸው የቅድሚያ ትእዛዝ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ከአንድ ቀን ጠብቆ የመጨረሻውን ትእዛዝ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ደግሞ የይግባኙ ጊዜ እስኪያልፍ ወይም ይግባኙ ውድቅ እስኪሆን ድረስ ዳግመኛ ማግባት አይፈቀድም። ስለዚህ አዲስ ጋብቻ ከማሰብ በፊት ውሳኔው የመጨረሻ ስለመሆኑ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ማውጣት ያስፈልጋል።