የኮምፒውተር ጥልፍ ልትጀምሩ ነው? ከጨርቁ ስር ያለውን አስቀድሙ

የኮምፒውተር ጥልፍ መጀመር ፈልጌ ነበር ከየት ልነሳ የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የትኛው ማሽን ይሻላል ብሎ ነው፣ እኔ ደግሞ ማሽኑን ተዉትና ከጨርቁ ስር ምን ልታደርጉ አስባችኋል እላለሁ፣ ብዙም አይዋጥላቸውም።

እሺ ግን ከማሽኑ እንነሳ። ለቤት የሚሆኑት ባለ አንድ መርፌ ናቸው፣ ቀለም መቀየር ሲኖርበት ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ክሩን ራሳችሁ ትቀይራላችሁ። ባለ ብዙ መርፌዎቹን ትልልቅ ማሽኖች ለጊዜው እርሷቸው። ስትገዙ ዋናው ነገር ሁፑ ነው፣ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክፈፍ ማለቴ ነው፣ ምን ያህል ስፋት ይጠልፋል የሚለውን እዩ። ትንሹ 10 በ10 ሴንቲ ነው፣ ለስም ለፎጣ ለልጅ ልብስ ይበቃል። የሀበሻ ቀሚስ ያሰበ ግን ቢያንስ 13 በ18 ይፈልግ፣ የቀሚስ ጥልፍ ከደረት ጀምሮ ወደ ታች ስለሚወርድ በትንሹ ሁፕ እየነቀሉ እየወጠሩ ማያያዝ ወገብ ይቆርጣል፣ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ከሳታችሁ ደግሞ መስቀሉ መሀል ላይ ተሰብሮ ቁጭ ይላል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ካለ ሳትሰኩ በፊት ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሁፍ አንብቡ!! እዛ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሰሩ ናቸው የኛ መብራት 220 ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃችኋል፣ 120 ብቻ ካለ ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ይሄን በደንብ የማውቀው እህቴ በሻንጣዋ ተሸክማ ያመጣችልኝን ማሽን በደስታ ሰክቼ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭስ ስላየሁ ነው፣ ለእሷ እስክነግራት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ ስታብላይዘር። የመብራቱን አይደለም የምላችሁ (እሱም ቢኖር ጥሩ ነው)፣ ከጨርቁ ስር የሚገባውን ማጠንከሪያ ነው። መርፌው በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ እየወጋ ጨርቁን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል፣ ከስር የሚይዘው ነገር ከሌለ የፈለገ ውድ ማሽን ቢሆን ጥልፉ ዙሪያውን ይጨማደዳል። ሶስት አይነት ነው በዋናነት። አንዱ ትርፉ ተቆርጦ ከስር እንዳለ የሚቀረው ነው፣ ለቲሸርትና ለሚለጠጥ ነገር ሁሉ እሱን ተጠቀሙ። ሁለተኛው ሲያልቅ ተቀዶ የሚወጣው ነው፣ ለማይለጠጥ ጠንካራ ጨርቅ ይሆናል። ሶስተኛው ውሃ የሚያሟሟው ነው፣ ፎጣ ላይ ከላይ ይደረጋል ክሩ ፀጉሩ ውስጥ እንዳይሰምጥ።

ሁፕ ላይ ስትወጥሩ ጨርቁ ቀጥ ይበል ግን አትለጥጡት። የሁፑን ብሎን ካጠበቃችሁ በኋላ ዳር ዳሩን የመጎተት አመል አለ፣ ተዉት፣ ከሁፑ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለስና ጥልፉን ያጨማድደዋል።

የሸማ ነገር ለብቻው ነው። በእጅ የተፈተለ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሳሳ ስለሚል ሁፕ ውስጥ ሲገባ ድሩና ማጉ ይሸሻል። ስለዚህ ስታብላይዘሩን ብቻ ወጥራችሁ ጨርቁን ከላይ አንጥፉና ዙሪያውን በእጅ ሸልሉት፣ ከላይ ደግሞ ውሃ የሚያሟሟውን ጨምሩበት። ሌላው ደግሞ ውሃ ነክቶት የማያውቅ ጥጥ በኋላ ሲታጠብ ይገባል (ያጥራል ማለቴ ነው)፣ የምትጠልፉበት የፖሊስተር ክር ግን አይገባም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ እጠቡት። እና ጥልፉ የሚሰራው ቀሚሱ ከመሰፋቱ በፊት ነው፣ የተሰፋ ይዞ ሚመጣ ደንበኛ ራስ ምታት ነው።

ክር 40 ቁጥር ፖሊስተር ግዙ። ሬዮን የሚባለው ክር የበለጠ ያብረቀርቃል ግን በረኪና አይችልም፣ ነጭ ልብስ ደግሞ እኛ ሀገር በረኪና ሳይነካው አይቀርም። መርፌ 75/11፣ ለወርቃማ ክር ግን 90/14 አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ አለበለዚያ ሲበጣጠስ ነው የምትውሉት። ቦቢን ላይ፣ ከስር የምትገባዋ ትንሿ የክር ማጠንጠኛ ማለቴ ነው፣ ቀጭን ነጭ ክር ይገባል። ሰርታችሁ ስትገለብጡት ከስፌቱ ወርድ መሀሉ ሲሶው ነጭ ከሆነ ልክ ነው። ከስር ክር ተጠቅልሎ የወፍ ጎጆ ከመሰለ ሁሉም ሮጦ ቦቢኑን ነው የሚነካካው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የማሽኑን እግር ወደ ላይ አንስታችሁ እንደገና ከሀ አስገቡት፣ እግሩ ወርዶ ከሆነ ክሩን የሚይዙት ሳህኖች ዝግ ስለሚሆኑ መሀላቸው አይገባም።

ዲዛይን ላይ ደግሞ፣ ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ፎቶ ጥልፍ አይሆንም፣ ወደ ስፌት ፋይል መቀየር አለበት። የፋይሉ አይነት እንደ ማሽኑ ማርክ ይለያያል፣ ብራዘር ፒኢኤስ (PES) ያነባል፣ ጃኖሜ ጄኢኤፍ (JEF)፣ ታጂማ ዲኤስቲ (DST)። ለመጀመሪያ የተዘጋጀ ግዙና በፍላሽ ጫኑት፣ ራሳችሁ መስራት ስትፈልጉ ኢንክስቲች የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ማሽኑ ላይ ብዙ አታሳድጉት አታሳንሱት፣ የስፌቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዳለ ስለሚቀር ሲያንስ ይደነድናል ሲያድግ ይሳሳል። የአማርኛ ስም ከሆነ ደግሞ ከ1 ሴንቲ በታች ባትሞክሩት ይሻላል፣ የፊደሎቻችን ቀለበት ይደፈንና ቤቲ ብላችሁ የጠለፋችሁት ቢቲ ሆኖ ይወጣል (ደርሶብኛል፣ ለልደት ስጦታ ነበር)።

የመጀመሪያውን በአሮጌ አንሶላ ሞክሩ፣ ፍጥነት የሚቀነስ ከሆነ በደቂቃ ወደ 400 ስፌት አውርዱት። መብራት ከጠፋ አትደንግጡ፣ አንዳንዱ ማሽን የቆመበትን ያስታውሳል፣ የማያስታውስ ከሆነ የስፌቱን ቁጥር በየጊዜው ወረቀት ላይ ጻፉ ሲመጣ እዛ ድረስ አሳልፋችሁ ትቀጥላላችሁ። ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠፋም ጨርቁን ከሁፑ እንዳታወጡት፣ አንዴ ከወጣ እዛችው ነጥብ ላይ መልሶ መወጠር አይታሰብም።