ቤት አከራይታችሁ ጥገናውን ራሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ምን ትመርጣላችሁ

ቤት እያከራየ ቧንቧውንም ቀለሙንም ራሱ የሚሰራ ሰው መኪና ሲመርጥ መነሳት ያለበት ከጭነቱ ነው። ባለፈው አመት ምን ምን እንደጫናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በተለይ ደጋግማችሁ የጫናችሁትን። ብዙዎቻችን ብንጽፍ የምናገኘው ያው ነው፦ የመፍቻ ሳጥን፣ ድሪል፣ ቀለም በባልዲ፣ መሰላል፣ አንድ ሲንክ ወይ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ጥቂት ቧንቧ፣ አንዳንዴ በር፣ ተከራይ ጥሎት የሄደ ፍራሽ። አሸዋና ብሎኬት ስንት ጊዜ ይመጣል? እሱን ሻጩ ራሱ ያደርሰዋል፣ ካልሆነም ለአንድ ቀን የጭነት መኪና ትከራያላችሁ። ለሱ ብሎ ትልቅ ፒክአፕ ገዝቶ አመቱን ሙሉ ነዳጅና ጎማ መክፈል አያዋጣም።

የኔ ምርጫ የተዘጋ ቫን ነው፣ እንደነ ሃይኤስ ያለ ወይም ከሱ አነስ ያለ እንደ ካንጉና በርሊንጎ አይነት። ምክንያቱም የኛ ስራ እቃ አድርሶ መመለስ አይደለም፣ መኪናውን በር ላይ አቁመን ሁለት ሶስት ሰአት ቤት ውስጥ እንሰራለን፣ በዛ ሰአት ይዘን ያልገባነው እቃ ሁሉ ውጪ መኪናው ላይ ነው ያለው። ሸራ ብቻ የለበሰ ፒክአፕ ላይ የተቀመጠ እቃ ደግሞ ልባችሁን ከስራው ይነጥቃል። ዝናብም አለ፣ ጂብሰም ቦርድና ሲሚንቶ አንዴ ከረጠቡ አለቀላቸው። በር ስትመርጡ የጎን በሩ ተንሸራታች ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጠባብ መንገድ ላይ አጠገባችሁ ሌላ መኪና ቢቆምም እቃ ታወጣላችሁ።

ፒክአፕ የሚያሸንፍበት ቦታ ግን አለ፣ እሱን መካድ አይቻልም። የፈረሰ ግድግዳና አፈር ስትጭኑ አጥባችሁ ትገላገላላችሁ፣ ፍሪጅም ቆሞ ይሄዳል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቫን ውስጥ ትልቅ ፍሪጅ አይቆምም፣ አጋድማችሁ ከወሰዳችሁት ደግሞ የኮምፕረሰሩ ዘይት እስኪመለስ ለሰአታት አቁማችሁ ሳትጠብቁ ሶኬት ላይ መሰካት የለባችሁም። እቃ ያለው ቤት የምታከራዩና ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቁም ሳጥን ሁሌ የምትቀያይሩ ከሆነ ፒክአፕ ወይ ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን ይሻላችኋል፣ ከፍ ያለውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የምትገቡበትን የምድር ቤት ፓርኪንግ ከፍታ እዩ። አንድ ወይ ሁለት ቤት ብቻ ላለው ደግሞ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ እንደ ፕሮቦክስ ያለ ስቴሽን ዋገን ከበቂ በላይ ነው።

መኪና ለማየት ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ኮምፔንሳቶና ጂብሰም ቦርድ ብዙ ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፣ ስለዚህ በሁለቱ የኋላ ጎማ ጉብታዎች መሀል ያለውን ስፋት ለኩ፣ ከ1.22 ካነሰ ቦርዱ ወለሉ ላይ ተኝቶ አይገባም፣ ዘንበል አድርጋችሁ ልታስገቡት ነው፣ ሲዘነበል ደግሞ ጠርዙ ሊሰበር ይችላል። የበሩን አፍም ለኩ፣ ውስጡ ሰፊ ሆኖ በሩ ጠባብ የሆነ መኪና ብዙ አለ። ከዛ ርዝመቱን ከሾፌር ወንበር ጀርባ እስከ ኋላ በሩ ለኩና ከመሰላላችሁ ጋር አስተያዩት። ረጅም ቧንቧ ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ ላይ ይሄዳል፣ ግን ጣሪያው የሚችለው ክብደት ትንሽ ነው፣ ማኑዋሉን እዩ።

ክብደት ላይ ብዙ ሰው አያስብም። መኪናው ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ ከፍተኛ አጠቃላይ ክብደት የሚል አለ፣ ከሱ ላይ የመኪናውን ባዶ ክብደት ቀንሱ፣ የቀረው የናንተም የእቃውም ነው። ለምሳሌ አጠቃላዩ 2000 ባዶው 1400 ኪሎ ከሆነ 600 ይቀራል፣ ከሱ ላይ ሁለት ሰውና መፍቻ ስታወጡ ወደ 400 ይወርዳል። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ስምንት ከረጢት ማለት ነው፣ አለቀ። የወለል ሴራሚክም ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ፖርሴሊን አንድ ካሬ ሜትሩ ወደ 20 ኪሎ ይመጣል።

ሞተር ላይ ዋናው ጥያቄ በቀን ስንት ትነዳላችሁ ነው። ከቤት ወደ እቃ መሸጫ፣ ከዛ ወደ ተከራዩ፣ አጭር አጭር መንገድ ከሆነ አዲስ ሞዴል የናፍጣ መኪና ተጠንቀቁ። እነዚህ መኪኖች ጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ፊልተር አላቸው፣ ፊልተሩ ራሱን የሚያጸዳው ረዘም ባለ ጉዞ በደንብ ሲሞቅ ነው፣ አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሰው እጅ ላይ ይደፈንና ትልቅ ወጪ ያመጣል። ለንደዚህ አይነት አነዳድ ቀላል የቤንዚን ሞተር ይሻላል። ታይሚንጉ፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች በየጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው፣ በቺንጋ ነው ወይስ በሰንሰለት የሚለውንም ጠይቁ፣ ቺንጋ ከሆነና መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩና ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፣ ምክንያቱም በብዙ ሞተር ላይ እሱ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ስታዩት ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ለሻጩ ቀድማችሁ እንዳያስነሳው ንገሩት፣ ደርሳችሁም ኮፈኑን ከፍታችሁ በእጃችሁ ንኩት፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ላይ ትንሽ እንፋሎት ወጥቶ ቶሎ ከጠፋ ግን ችግር የለውም። ሞተሩ እየሰራ የዘይቱን ክዳን ፍቱት፣ በኃይል እየተነፈሰ ጭስ ካወጣ ፒስተን ቀለበቱ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ደግሞ በከፍተኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ እየነዳችሁ ነዳጅ በደንብ ርገጡ፣ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እየተንሸራተተ ነው።

ያገለገለ የስራ መኪና ትልቁ ታሪኩ ከስሩ ነው ያለው። ባዶውን ከኋላው ዝቅ ብሎ ከቆመ ወይም ባሌስትራው (ከስር ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል) ላይ ተጨማሪ ቅጠል ከተደረበ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል። ሻንሲውን በመፍቻ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፣ ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ ይፋቃል፣ መፍቻው ከሰመጠ ግን ጥላችሁ ሂዱ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም ስሩ ላይ ብቻ የተቀባ መኪናም ያጠራጥረኛል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ደረቅ ጭቃና የወንበር ሀዲድ ዝገት ካያችሁ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ጎማው ላይ DOT ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ጽሁፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ጭነት ላይ አያስተማምንም።

የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር በትክክል ይግጠም፣ ኢንሹራንስም ስትገቡ ለስራ እንደምትጠቀሙበት ተናገሩ፣ አለዚያ አደጋ ሲደርስ ክፍያው ላይ ክርክር ይነሳል። መለዋወጫውም አጠገባችሁ ያለ መካኒክ የለመደው ይሁን፣ የተከራይ ቧንቧ ፈንድቶ መኪናችሁ እቃ እየጠበቀ ጋራዥ ከቆመ ጭንቀቱ የሁለታችሁም ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ዘይትና ፊልተር ቀይሩ፣ ከዛ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ጠንካራ መከለያ አስገጥሙ፣ ወለሉ ላይ ማሰሪያ ቀለበቶች ከሌሉም አስበይዱ። ፍሬን ድንገት ስትይዙ ያልታሰረ የመፍቻ ሳጥን ወደ ፊት ነው የሚበረው።