በውል ሰነድ ውስጥ አሕጽሮተ ቃላትንና አጫጭር ስያሜዎችን እንዴት መተርጎምና መጠቀም ይገባል

አሕጽሮተ ቃል ወደ ውል የሚገባው ረጅም ስያሜን በየአንቀጹ ላለመደጋገም ነው። ትርጓሜው በጥንቃቄ ካልተቀመጠ ግን ጥቂት መስመር ለመቆጠብ ሲባል ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ አርቃቂው አስቀድሞ ስያሜው ማጠር የሚያስፈልገው መሆኑን ሊመረምር ይገባል፤ በሰነዱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጠቀስ ነገር በሙሉ ስሙ ቢጻፍ ይሻላል።

ማጠሩ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ፣ ሙሉ ስያሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠቀሰበት ቦታ አጭሩ በቅንፍና በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይከተላል። ለተዋዋይ ወገኖች የተለመደው አገባብ «ከዚህ በኋላ ‹አከራይ› እየተባለ የሚጠራ» የሚለው ሲሆን፣ ከዚህ ሐረግ በፊት የድርጅቱ ስም በምዝገባ ሰነዱ ላይ እንደሰፈረ ሳይጎድል መጻፍ አለበት። በፊርማው ቦታ የሚሰፍረውም ይኸው ሙሉ ስም ነው። ስያሜዎቹ ሲበዙ በውሉ መጀመሪያ ላይ የትርጓሜ አንቀጽ ይዘጋጃል።

የላቲን ፊደል በሚጠቀሙ ቋንቋዎች በሚጻፉ ብዙ ውሎች፣ ትርጓሜ የተሰጠው ቃል በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ከተራው ቃል ተለይቶ ይታያል። የግዕዝ ፊደል ይህ መለያ የለውም። በመሆኑም «ዕቃው» የሚለው ቃል አንቀጽ 9 ላይ ሲገኝ፣ በትርጓሜው የተወሰነውን ዕቃ ይሁን ሌላ ዕቃ የሚያመለክተው ከአጻጻፉ ብቻ መለየት አይቻልም። በእኔ እምነት በአማርኛ ውል የሚያረቅቅ ሰው ከሁሉ አብልጦ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። «ዕቃው» በሚለው ፈንታ «የውሉ ዕቃ» እንደሚለው ያለ፣ በተራ አነጋገር በአጋጣሚ የማይገባ ስያሜ መምረጥ ያዋጣል፤ አለዚያም ትርጓሜ ያላቸው ቃላት በሙሉ በደማቅ ጽሑፍ እንደሚታዩ በውሉ ደንግጎ ያንኑ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ያስፈልጋል።

የመለኪያና የገንዘብ ስያሜዎች የታወቁ ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ ሳይተረጎሙ ይታለፋሉ። አንድ ሜትሪክ ቶን 1,000 ኪሎ ግራም ነው፤ በአሜሪካ የሚሠራበት አጭሩ ቶን ግን ወደ 907፣ የእንግሊዙ ረጅም ቶን ደግሞ ወደ 1,016 ኪሎ ግራም ይመዝናል። «500 ቶን» ብቻ ብሎ የፈረመ ገዢ በአጭሩ ቶን ቢረከብ በሜትሪክ ከጠበቀው ከ46 ቶን በላይ ይጎድልበታል። «ዶላር» የሚለውም እንዲሁ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአውስትራሊያ መሆኑ ካልተገለጸ ዋጋው አይታወቅም።

በትርጓሜ ውስጥ ግዴታ አይጻፍም። «‹ርክክብ› ማለት ሻጭ በ30 ቀን ውስጥ የሚፈጽመው ማስረከብ ነው» ተብሎ ቢጻፍ፣ በ31ኛው ቀን የተፈጸመው ዘግይቶ የመጣ ርክክብ ነው ወይስ ከነጭራሹ ርክክብ አይደለም የሚል ጥያቄ ይነሳል። የጊዜ ገደቡ ቦታ ስለ ርክክብ የሚደነግገው አንቀጽ ነው።

አንድ ስያሜ ከተመረጠ በኋላ በሌላ አይለዋወጥም። «አከራይ» የተባለው ወገን ወረድ ብሎ «ባለንብረት» ቢባል፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ለመከራከር በር ይከፈታል፤ በብዙ አገሮች ሕግ ደግሞ አሻሚ ቃል ሊተረጎም የሚችለው ውሉን ያረቀቀውን ወገን በሚጎዳ መልኩ ነው። ከመፈረም በፊት እያንዳንዱን ስያሜ በኮምፒውተር እየፈለጉ፣ ትርጓሜው አንድ ጊዜ ብቻ መሰጠቱን፣ በነጥብና በእዝባር (/) የተጻፉ የአንድ አሕጽሮተ ቃል ልዩ ልዩ መልኮች አለመቀላቀላቸውንና አባሪዎቹም በዚያው ትርጓሜ እንደሚገዙ መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።