ተራራ የሚያስወጣ ድርጅት እንዴት ይመረጣል?

ትልቅ ተራራ ለመውጣት ቆርጦ ድርጅት የሚያፈላልግ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ጫፍ ላይ ቆመው በሚስቁ ሰዎች ፎቶና ከሥሩ በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱም ዋናውን ነገር አይነግረውም። ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ ገመዱም የትም ይገኛል። የማይገኘው አየሩ ሲከፋ ወይም ጉልበት ሲከዳ «እዚህ ይብቃን፣ እንመለስ» ለማለት ዕውቀቱም ሥልጣኑም ያለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1996 ኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል ስምንት ሰዎች ሲሞቱ፣ ሮብ ሆልና ስኮት ፊሸር ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ሁለቱም በዘመኑ አንቱ የተባሉ ተራራ ወጪዎች፣ የየራሳቸውም ጉዞ መሪዎች ነበሩ። በዚያ ዕለት በርካቶች ጫፍ የደረሱት ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ፊቱን ወደ ታች ማዞር የነበረበት ሰዓት ነው። ድርጅት ስትመርጡ ይህን ጥያቄ ከአእምሯችሁ አታውጡት፦ መመለስ ሲኖርብኝ ይመልሱኛል?

1. ተራራውን በአቅማችሁ ምረጡ

ከፍታ ብቻውን ክብደቱን አይናገርም። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ቢሆንም በተለመዱት መንገዶቹ ገመድ ሳያስፈልግ በእግር ይወጣል። የአርጀንቲናው አኮንካጓ 6,961 ሜትር ነው፤ በዋናው መንገዱ ብዙ ቴክኒክ ባይጠይቅም ብርዱና ነፋሱ ልምድ የሌለውን ሰው ያንበረክካል። አላስካ ያለው ዴናሊ 6,190 ሜትር ነው፤ ከአኮንካጓ ያንሳል፣ ሥራው ግን ይበልጣል። በበረዶ ግግር ላይ በገመድ ተሳስሮ መጓዝ አለ፣ ተሸካሚ ስለሌለም ጓዝን በጀርባ መሸከምና በበረዶ ላይ መጎተት አለ።

ጥሩ ድርጅት ይህን ቀድሞ ያነሳል። ከዚህ በፊት የት ወጣችሁ? ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ) አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? የልብ ወይም የሳንባ ችግር አለባችሁ? እያለ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም «መጀመሪያ ሌላ ተራራ ሞክሩ» ብሎ ይመልሳችኋል። አይክፋችሁ፤ ገና ገንዘባችሁን ሳይቀበል እምቢ ማለት የቻለ ሰው ተራራው ላይም እምቢ ማለት ይችላል። ምንም ሳይጠይቅ ቀብድ የሚጠይቀውን ከዝርዝራችሁ አውጡት።

2. ፈቃዱን ከምንጩ አጣሩ

ድርጅቱ ስለ ራሱ የጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት ተራራውን የሚያስተዳድረውን አካል ጠይቁ። ዴናሊ ላይ ደንበኛ ይዘው እንዲወጡ የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር የፈቀደላቸው ጥቂት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። ኪሊማንጃሮንም ያለ ፈቃድ ያለው መሪ መውጣት አይቻልም። ፈቃድ መኖሩ የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ አለመኖሩ ግን ነገሩን ያበቃዋል።

3. አብሯችሁ የሚወጣው ማን እንደሆነ በስም እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉዞውን የሚሸጥላችሁ ድርጅትና ተራራው ላይ የሚያገኛችሁ ድርጅት ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ደንበኛ ይሰበስባል፣ ሌላው በአገሩ ሥራውን ይሠራል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፣ ግን ማወቅ መብታችሁ ነው። የመሪውን ስም፣ የምስክር ወረቀቱን፣ በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ እንደወጣ በጽሑፍ ጠይቁ። በሙያው ከፍተኛው ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ አይኤፍኤምጂኤ፣ የሚያውቀው ነው። በአለት፣ በበረዶና በስኪ ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠናና ፈተና አለው። በየአገሩ ይህ ባጅ የሌላቸው ብርቱ መሪዎችም አሉ፤ የእነሱን ብቃት በዚያው ተራራ ላይ ባላቸው ልምድና በሕክምና እርዳታ ሥልጠናቸው መዝኑ።

ቀጥሎ የመሪና የደንበኛ ቁጥር ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች፣ ሞን ብላን ላይ በተለመደው መንገድ አንድ መሪ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ማተርሆርን ላይ አንድ ለአንድ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ወጥ ቤቱንና ቤዝ ካምፕ (ከተራራው ሥር ያለው መነሻ ሰፈር) የሚቀረውን ሠራተኛ ይጨምራል። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ አጥብቡት፦ ጫፍ በሚወጣበት ሌሊት አንድ ሰው ታሞ አንዱ መሪ ይዞት ቢወርድ የቀረነውን ማን ይመራናል? መልሱ «ሁላችንም አብረን እንወርዳለን» ከሆነ ቢያንስ እውነት ነው፤ በሌላ ሰው ሕመም ጉዟችሁ ሊያበቃ እንደሚችል ግን እወቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ያላሰቡበት ነገር ነው።

4. የጉዞውን መርሐ ግብር በእርሳስ አስሉት

ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም የዕረፍት ቀን እንዲኖር የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። መርሐ ግብሩን አምጡና በየሌሊቱ የምትተኙበትን ከፍታ ብቻ በአንድ ዓምድ ጻፉ። ለምሳሌ በኪሊማንጃሮ የማራንጉ መንገድ አምስት ቀን ብቻ የሚፈጀውን ጉዞ ብታሰሉት፣ የመጀመሪያው ሌሊት 2,720 ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 3,720፣ ሦስተኛው 4,720 ይሆናል። ከዚያም በዚያው ሌሊት ወደ 5,895 ሜትር መውጣት ይጀመራል። በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር ማለት ነው፤ ከተመከረው እጥፍ። አንድ ቀን ሲጨመርበት ሁለተኛው ማደሪያ ላይ ሌላ ሌሊት ስለሚታደር ሰውነት ትንሽ ፋታ ያገኛል፤ በሌሎች መንገዶች ሰባትና ስምንት ቀን የሚፈጁት ደግሞ ከዚህም ይሻላሉ። አጭሩን ጉዞ «ርካሽ» ብሎ የሚገፋፋ ድርጅት የሚቆጥበው የፓርክ ክፍያንና የሠራተኛ ደመወዝን ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው የእናንተ ሳንባ ነው።

5. «ነገሩ ቢበላሽስ?» ብላችሁ ጠይቁ

በከፍታ የሚመጣ የአንጎልና የሳንባ እብጠት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው። መውረድ እስኪቻል ድረስ ግን ኦክስጅን፣ ዴክሳሜታዞንና ኒፌዲፒን የተባሉት መድኃኒቶች፣ ታማሚው ውስጡ ገብቶ በአየር የሚሞላ የግፊት ከረጢትም ሕይወት ያቆያሉ። የትኞቹን ይይዛሉ? የትኛው ካምፕ ላይ? ማን መጠቀም ያውቃል?

ከ8,000 ሜትር በላይ ለመውጣት ካሰባችሁ ኦክስጅኑን ራሳችሁ ቁጠሩ። በ300 ባር ግፊት የተሞላ የአራት ሊትር ጠርሙስ 1,200 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ ሁለት ሊትር ከተነፈሰ አሥር ሰዓት ያቆያል፤ በደቂቃ አራት ሊትር ከሆነ አምስት ሰዓት ብቻ። ጫፍ ደርሶ መመለስ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ መንገድ ላይ ወረፋ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ጠርሙስ እንዳለ፣ ለመሪውም ስንት እንደተመደበ፣ ከዚያ ውጭ መጠባበቂያ መኖሩን በቁጥር ይንገሯችሁ።

ኢንሹራንሱን ራሳችሁ ግዙ፣ ውሉ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍንም አንብቡ፤ ብዙዎቹ ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይከፍሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔፓል መንግሥት ባደረገው ምርመራ ሳያስፈልግ ሄሊኮፕተር እየጠሩ ከኢንሹራንስ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች እንደነበሩ ወጥቷል። ስለዚህ ሄሊኮፕተር የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ኢንሹራንሱም መቼ እንደሚነገረው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

6. ሠራተኞቹ እንዴት እንደሚያዙ ተመልከቱ

ይህ ጉዳይ ከልቤ የማነሳው ነው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 18 ቀን 2014 ኤቨረስት ላይ የበረዶ ናዳ 16 የኔፓል ሠራተኞችን ገደለ፤ ለሌሎች መንገድ ለማዘጋጀትና ዕቃ ለማድረስ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ተሸካሚው ስንት ኪሎ ይሸከማል? ኪሊማንጃሮ ላይ ወሰኑ 20 ኪሎ ነው። ጫማና የብርድ ልብስ ማን ይሰጠዋል? የት ይተኛል? የሕይወት ኢንሹራንስ አለው? ደመወዙስ ከጉርሻ ውጭ የሚበቃ ነው? በኪሊማንጃሮ የተሸካሚዎችን አያያዝ የሚከታተል ኬፓፕ የሚባል ድርጅት አለ፤ ከእሱ ጋር የሚሠሩትን መለየት ይቻላል። በረሃብና በብርድ የሚሠራ ሰው በችግር ጊዜ እናንተን ለማውረድ አቅም አይኖረውም፤ ያም ባይሆን የሰው ሕይወት ነውና ሊጠየቅ ይገባል።

7. ዋጋውንና ውሉን በትኑ

የማይቀሩትን ወጪዎች መጀመሪያ ቀንሱ። ኔፓል ለኤቨረስት የጸደይ ወቅት ፈቃድ የምታስከፍለውን እ.ኤ.አ. በ2025 ከ11,000 ወደ 15,000 ዶላር አሳድጋለች። አንድ ድርጅት ከሌሎቹ በግማሽ ካነሰ፣ ፈቃዱ ያው ስለሆነ የቀነሰው ከሠራተኛ፣ ከኦክስጅን ወይም ከመጠባበቂያ ቀን ነው። የትኛው እንደሆነ አስነግሩት።

በውሉ ላይ ጉዞው ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን፣ አየር ቢበላሽ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ፣ የመመለስ ውሳኔም የመሪው ብቻ እንደሆነ ተጽፎ ማግኘት አለባችሁ። ገንዘቡን በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አስገቡ። «ጫፍ እንደምትደርሱ ዋስትና እንሰጣለን» የሚል ከሆነ ተዉት፤ ተራራው ላይ ያለውን አየር ማንም አያዝዝበትም።

8. ጫፍ ያልደረሰ ደንበኛ ፈልጉ

ድርጅቶች በደስታ የሚያገናኟችሁ ጫፍ ከደረሱት ጋር ነው። እናንተ ግን በቀጥታ እንዲህ በሉ፦ ባለፈው ወቅት ከመንገድ የመለሳችሁትን አንድ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ አገናኙኝ። ከዚያም ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ማን እንደመለሳቸው፣ ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯቸው እንደሆነ፣ ሲወርዱ አብሯቸው የነበረ ሰው መኖሩን፣ ዳግመኛ ቢወጡ ከዚያው ድርጅት ጋር ይሄዱ እንደሆነ ጠይቁ። ማንንም መልሰን አናውቅም የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ ፍለጋችሁን ቀጥሉ።