ማሸጊያ እጅና መሣሪያ ላይ ሲጣበቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ማሸጊያ (ከቱቦ እየወጣ የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ክፍተት የሚሞላው ሲሊኮን፣ አክሪሊክ ወይም ፖሊዩሪቴን) ጣት ላይ ሲያዝ አብዛኛው ሰው ወደ ቧንቧ ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው። በውኃ የሚለቀው አክሪሊክ ብቻ ነው፤ ሲሊኮንና ፖሊዩሪቴን የሚደርቁት ከአየር እርጥበት እየወሰዱ ስለሆነ ውኃ አያጥባቸውም። ስለዚህ አስቀድሞ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ቱቦው ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ከተፋቀ ደግሞ ሽታውን ሞክሩ፦ አቼቶ አቼቶ የሚል ሲሊኮን ነው (ሽታ የሌለው ሲሊኮንም አለ)። በእርጥብ ጣት ሲታሽ እንደ ወተት የሚነጣው አክሪሊክ ነው። ወፍራም ሆኖ እንደ ማስቲካ የሚሳብና የነካውን ሁሉ የሚያጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሪቴን ነው።

ችግር፦ በታጠብኩ ቁጥር ወደ ሌላው ጣት ይዛመታል

ምክንያቱ ውኃው ነው። ያልደረቀ ሲሊኮን ከውኃ ጋር አይዋሃድም፤ ስታሹት ስስ ሽፋን ሆኖ መዳፍ ላይ ይሰራጫል፣ በጣት መስመሮች ውስጥም ይገባል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው፦ ደረቅ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ መጨረሻ ላይ ውኃ። መጀመሪያ በደረቅ ሶፍት ወፍራሙን አንሱ፤ እየጠረጋችሁ ሳይሆን እየቆነጠጣችሁ። ቀጥሎ ደረቅ ፌስታል በሁለት መዳፍ መካከል አድርጋችሁ እንደ ሳሙና እሹት። ሲሊኮኑ ከቆዳው ይልቅ ፌስታሉን ይይዝና እየተጠቀለለ እንደ ቀጭን ክር ይወጣል። ለቀረው አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት በደረቅ እጅ ላይ አድርጋችሁ ለ1 ደቂቃ ያህል እሹ፣ በሶፍት ጥረጉ፣ ውኃ ሳትነኩ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩበት፣ ከዚያ ታጠቡ። ሲሊኮን እንደየዓይነቱ በ5 እና በ20 ደቂቃ መካከል ላዩ ደርቆ ስስ ሽፋን መያዝ ስለሚጀምር ይህን ሥራው እስኪያልቅ አታቆዩት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዘይት የነካ እጅ ሳሙና እስኪያገኝ ድረስ የሚታሸገውን ቦታ አይንካ። ዘይት ባለበት ማሸጊያ አይይዝም።

ችግር፦ እጄ ላይ ደርቋል

የደረቀ ሲሊኮንን በቤት የሚገኝ ፈሳሽ አያሟሟውም፤ ደግነቱ ግን ቆዳን አጥብቆ አይዝም። እጃችሁን ለብ ባለ ውኃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉና በጥፍር ወይም በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። የደረቀ ፖሊዩሪቴን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጥፍር ሥር የቀረው ጥቁር ነገር የሚለቀው ቆዳው ራሱ ሲታደስ፣ በቀናት ውስጥ ነው። ቅባት ተቀቡና ተዉት። ምላጭ አትሞክሩ።

ቤንዚንና ቲነርም አይሆኑም። የቆዳውን ቅባት አጥበው ያሰነጣጥቁታል፤ በመኪና ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የሚባለው መርዛማ ኬሚካል ደግሞ በቆዳ አልፎ ወደ ሰውነት ይገባል።

ችግር፦ ጓንት አድርጌም እጄ ተቃጠለ

ቀጭን ናይትራይል ጓንት (ላስቲክ መሰሉ) ለማሸጊያው በቂ ነው፣ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ) ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። መሣሪያ በአሴቶን ስትጠርጉ ጨርቁ ጓንቱን ካራሰው ወዲያው ቀይሩ። ለማሸጊያው ሥራ ደግሞ ሁለት ጓንት ደራርቡ፤ የላዩ ሲቆሽሽ ገልብጣችሁ ስታወልቁት ከሥሩ ንጹሕ አለ።

ችግር፦ ስፓቱላው ላይ ተጋግሯል

እዚህ ሲሊኮንና ፖሊዩሪቴን ተቃራኒ ናቸው። ብረት ላይ ያለ ሲሊኮንን እርጥቡን ከማሻሸት እስከ ነገ ብትተዉት ይሻላል፤ በ24 ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚደርቅ ስስ ከሆነ በማግስቱ በስለት ጫፍ ተነሥቶ እንደ ላስቲክ ይላጣል። ፖሊዩሪቴን ግን ከደረቀ በመፋቅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ አሴቶን በነካ ጨርቅ ጥረጉት። ፕላስቲክ መሣሪያ ላይ አሴቶን አታድርጉ፣ ብዙዎቹን ያቀልጣል ወይም ያደበዝዛል።

ሲሊኮን የነካ ስፓቱላ ለቀለም ሥራ ወይም ለስቱኮ አይመለስ። ዓይን የማያየው ቅሪት ቀለሙን ያሸሸውና ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። ለሲሊኮን የራሱን መድቡለት።

ችግር፦ የሞላሁትን የማሸጊያ መስመር በአልኮል አለሰለስኩት፣ ላዩ አልደርቅ አለ

ማሸጊያው ፖሊዩሪቴን ነው ማለት ነው። እርጥበቱን ጠብቆ መያያዝ የነበረበት አካል ከአልኮሉ ጋር ተያይዞ ይቀራል፣ ላዩም ሙጫ ሙጫ እንዳለ ይቆያል። ያልደረቀውን አንሥታችሁ እንደገና ሙሉት። መሣሪያን በአልኮል ማጽዳት ይቻላል፣ ተንኖ ሳያልቅ ግን ወደ መስመሩ አይመለስ።

ችግር፦ የማሸጊያ ሽጉጡን (ቱቦውን የሚገፋውን መሣሪያ) ለቅቄውም መፍሰሱን አያቆምም

ለብዙው ቆሻሻ መነሻው ይህ ነው። ቃታው ቢለቀቅም ዘንጉ ቱቦውን እየገፋ ይቆያል። መስመሩን ስትጨርሱ ወዲያው የኋላውን መልቀቂያ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ዘንጉን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። ዘንጉ የሚነክስ ወይም የሚጎተት ከሆነ ከቱቦው ቂጥ ወጥቶ የደረቀ ማሸጊያ አለበት፤ በስለት ፍቁት፣ አንድ ጠብታ ዘይት ስጡት።

ትርፍ ቱቦ ስታስቀምጡ ከአፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስወጥታችሁ እዚያው ይድረቅ፤ ቡሽ ይሆናል። በሌላ ቀን ረዘም ያለ ቡሎን ከደረቀው ውስጥ አስገብታችሁ ስትስቡት አብሮ ይወጣል። አሴቶንም ሆነ ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ፤ ውጪ ዘርጉት፣ ሲደርቅ ይጣላል።