የድንኳንና የገመድ ክምር ሲበዛ

የካምፒንግና የተራራ መውጫ ዕቃ ቤቱን ከሞላው፣ ሁሉንም አውጥታችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። መጀመሪያ የሚጣለውን ለዩ። የመውጫ ገመድና መታጠቂያ ሳይነካ ቢቀመጥም ያረጃል። ብዙ አምራቾች ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 10 ዓመት ነው የሚሰጡት። ጊዜው ካለፈ ለሰው አትስጡ፤ ቆራርጣችሁ ጣሉት። እባካችሁ እዚህ ላይ አትሳሱ፣ የሰው ሕይወት ነው። ኃይለኛ ምት የቀመሰ ሄልሜትም እንደዚያው፤ ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ድንኳኑን ዳስሱት። ውስጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም ከተላላጠ ውሃ መከላከሉ አብቅቷል። ከቀረው ውስጥ ሁለት ሦስት የሆነውን ስጡ ወይም ሽጡ። የምታስቀሩትን ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) ግን ጠቅጥቃችሁ አታስቀምጡት። ሰፊ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ላላ ብሎ ይቀመጥ፤ ተጨምቆ ከከረመ ሙቀት መያዙ ይቀንሳል።