ሚዛኑ ሲቆም ሜትር ያዙ

ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሚዛኑ አንድ ቁጥር ላይ ተተክሎ አልነቃነቅ ብሏል? አይዟችሁ፣ ሕክምናው አልከሸፈም። ሚዛኑን ለሁለት ሳምንት አስቀምጡትና የልብስ ሰፊ ሜትር አንሱ። ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ወገባችሁን እምብርት ላይ፣ ዳሌና ጭናችሁንም ለክታችሁ ጻፉ። ሜትሩን አታጥብቁት፤ ትንፋሽ አውጥታችሁ አንብቡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት።

ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ቆሞም ወገብ ይቀንሳል። ሚዛን ስብን ከውሃ አይለይማ! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ያጠራቀመውን ግላይኮጅን (በጉበትና በጡንቻ የሚከማች የስኳር ዓይነት) ያቃጥላል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ገደማ ውሃ ይወጣል። ክምችቱ በከፊል ሲተካ ውሃውም ይመለስና የስቡን መቀነስ ይሸፍነዋል። እባካችሁ በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጣችሁ ምግብ አትዝለሉ። ፕሮቲን ሲጎድል የሚሄደው ጡንቻ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ቁስል ካልዳነ ሆድ ላይ አትለኩ፣ ጭንና ክንድ ይበቃል። ሜትሩም ሚዛኑም ከወር በላይ ከቆሙ ከምግብ ጋር መጠጣት ወይም ጣፋጭ መጠጥ ጀምራችሁ እንደሆነ አስቡ፣ ሐኪማችሁንም አማክሩ። የሚደጋገም ትውከት ወይም የሆድ ሕመም ካለ ግን ልኬት ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሂዱ።